ስማቸው በመጨረሻው ገጽ የሚታተም

በአሜሪካ የአንድን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃዊ ተውኔት ለማየት የሄደ ሰው በር ላይ አንዲት ቀጭን መጽሔት ይሰጠዋል። የፊተኞቹ ገጾች የተዋናዮቹ ናቸው፤ ፎቶግራፋቸው፣ የሚማሩበት ክፍል፣ ለወላጆቻቸውና አልፎ አልፎም ለድመታቸው ያቀረቡት ምስጋና በየተራ ይነበባል። ከዚያ የጥርስ ሐኪሙ፣ የፒዛ ቤቱና የቤት ሽያጭ ወኪሉ ማስታወቂያ ይከተላል። ይህን ሁሉ አልፎ ወደ ኋላ ሽፋኑ የደረሰ ትዕግሥተኛ አንባቢ ብቻ፣ ፊደሉ በደቀቀ ገጽ ላይ የአዘጋጁን፣ የሙዚቃ መሪውን፣ የውዝዋዜ አሠልጣኟን (ኮሪዮግራፈሯን)፣ የመብራት፣ የድምፅ፣ የአልባሳትና የመድረክ ግንባታ ክፍሎችን ስም ያገኛል። ልጄ በሰሜን ቨርጂኒያ በምትማርበት ትምህርት ቤት ስቴጅ ማናጀር፣ ማለትም ትርኢቱን ከመጋረጃ ጀርባ የምትመራ፣ ከሆነች፣ እኔም በአልባሳት ክፍሉ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ መርፌ ከያዝሁ ወዲህ መጽሔቱን ከኋላ ጀምሮ ማንበብ ልማዴ ሆኗል።

ተውኔት የማሳየት ባህል በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የቆየ ነው። የቲያትር ተማሪዎች ማኅበር የሆነው ቴስፒያን ሶሳይቲ በዌስት ቨርጂኒያ ፌርሞንት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሆን፣ ድራማቲክስ የተባለው መጽሔቱም ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚያሳዩዋቸውን ተውኔቶች ዝርዝር ከ1938 ጀምሮ ሲያወጣ ኖሯል። በወረቀት ላይ ሲታይ የሥራ ክፍፍሉ ከኒው ዮርኩ የቲያትር መንደር ከብሮድዌይ የተቀዳ ነው። በተግባር ግን አዘጋጁ ጠዋት የድራማ ወይም የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ዘፋኞቹን የምታሠለጥነው የኅብረ ዝማሬ መምህርቷ ናት፤ ከመድረኩ ፊት ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን ኦርኬስትራ የሚመራው የባንድ መምህሩ ነው፤ ውዝዋዜውን የምታስተምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭ የምትቀጠር፣ ከዚህ ሥራ ወጥታ ወደ ሌላ ሥራ የምትሮጥ ወጣት ናት። ለመምህራኑ ከደመወዛቸው በተጨማሪ በውል የተቆረጠ አበል ይከፈላል፤ ያን አበል ከተዋናይ ምርጫው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ምሽት ላጠፋው ሰዓት ያካፈለ መምህር ግን የደረሰበትን ውጤት ለሚስቱ ባይነግራት ይሻለዋል።

እኔ ባደግሁበት አዲስ አበባ የወላጆች ቀን ሲደርስ ይህ ሁሉ ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቅ ነበር። የአማርኛ መምህራችን ተውኔቱን ይጽፋሉ፣ ያዘጋጃሉ፣ ለንጉሡ የሚሆን ካባ ከዘመድ ይዋሳሉ፣ ቃሉ የጠፋበትን ተማሪ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ያስታውሳሉ፣ በመጨረሻም መጋረጃውን በገዛ እጃቸው ይስባሉ። ልማዱ ከእሳቸው በፊትም የነበረ ነው፤ ዮፍታሔ ንጉሤም ከፋሺስት ወረራ በፊት በመምህርነቱ ዘመን ተማሪዎቹን ይዞ ተውኔት ያሳይ ነበር። እዚህም ቢሆን አነስተኛ በሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድ መምህር አራት ሰው ሆኖ መሥራቱ የተለመደ ነው። በዚያኛውና በዚህኛው መካከል ያየሁት ልዩነት ከሰው ብዛትም ከገንዘብም ይልቅ በሥልጣን ላይ ነው፤ የእኛ መምህር መጋረጃውን እስከ መጨረሻው ድረስ ለማንም አልለቀቁም ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ልምምድ ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት፣ በፈቃድ ግዢ ነው። የታወቁትን ሙዚቃዊ ተውኔቶች የማሳየት መብት በጥቂት ድርጅቶች እጅ ይገኛል፤ ከእነዚህም አንዱ የዜማና የግጥም ደራሲው ፍራንክ ሎሰር ከአቀናባሪው ዶን ዎከር ጋር እ.ኤ.አ. በ1952 ያቋቋመው ሚዩዚክ ቲያትር ኢንተርናሽናል ነው። ክፍያው እንደ አዳራሹ ስፋት፣ እንደ ትኬቱ ዋጋና እንደ ምሽቶቹ ቁጥር ይለያያል። ውሉ ያለ ፈቃድ አንዲት ቃል እንኳ መለወጥን ይከለክላል፤ የደራሲዎቹ ስም በመጽሔቱ ላይ በምን ያህል መጠን መታተም እንዳለበት ሳይቀር ይደነግጋል። እንግዲህ አዘጋጁ ተውኔት ሲመርጥ በልቡ ያለውን ይተውና፣ ለምርጫ የሚመጡት ወንዶች ልጆች ስንት እንደሚሆኑ፣ በዚህ ዓመት ኦቦ የሚነፋ ተማሪ መኖር አለመኖሩን፣ ባለፈው ዓመት ከትኬት የቀረው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነና ርእሰ መምህሩን ለቅሬታ የሚያጋልጥ ትዕይንት አለመኖሩን ሲያሰላ ይከርማል። ተመልካቹ ግን ያን ሁሉ ስሌት አያውቅም፤ አዘጋጁ ያን ተውኔት ስለወደደው የመረጠው ይመስለዋል።

በአልባሳት ክፍሉ የምሠራው ከልጅነቴ ባገኘሁት ሙያ ነው። አባቴ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከእሱ የተማርሁት ስፌት ሸማቹ እስኪያረጅ ድረስ የማይተረተረውን ነው። እዚህ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ የዚያ ተቃራኒ ሆነ። የክፍሉ ኃላፊ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጨርቁን ፈጽሞ እንዳልቆርጥ፣ የሚተርፈውን ሁሉ ወደ ውስጥ አጥፌ እንድተው፣ ስፌቱንም በአንድ ምሽት ተፈትቶ ለሌላ ቁመት እንዲሆን አላልቼ እንድሰፋው በትሕትና ግን ያለ አንዳች ማመንታት ነገረችኝ። በእጄ የነበረው ኮት አንገት ላይ በማይለቅ ቀለም የተጻፉ ስሞች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ስም ተሰርዞ ከሥሩ ሌላ ተጽፏል፤ የላይኞቹ ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች የሚያሳድጉ ሳይሆኑ አይቀሩም። ትዕይንቱ ሲለዋወጥ አንድ ተዋናይ ልብሱን የሚቀይረው በጨለማ፣ ሁለት ልጆች በግራና በቀኝ ይዘውት፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ነው። ስለዚህም ከፊት የሚታየው ቁልፍ ለጌጥ ብቻ የተሰፋ ሆኖ ከሥሩ በቬልክሮ ይገጠማል፤ ጸጥታ ባለበት ትዕይንት ግን የቬልክሮው ድምፅ እስከ አዳራሹ ስለሚሰማ ወደ መንጠቆ እንመለሳለን። የሙያው ሰዎች ላብ የጠጣን ልብስ በውኃ የቀጠነ ቮድካ ይረጩታል ይባላል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ቮድካ ይዞ መግባት የሚያመጣውን ጣጣ ለመገመት አዋቂ መሆን ስለማያስፈልግ እኛ በመስኮትና በማራገቢያ እንጠቀማለን።

የልጄ ሥራ ከዚህ ሁሉ የረቀቀ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሁለት እጅ የሚታቀፍ ወፍራም መዝገብ አላት። በአንዱ ገጽ የተውኔቱ ጽሑፍ አለ፤ ትይዩው ገጽ ደግሞ በእርሳስ በተሰመሩ መስመሮችና በቁጥሮች የተሞላ ነው፤ በእርሳስ የሚጻፈውም ነገ ስለሚለወጥ ነው። እያንዳንዱ የመብራት ለውጥ፣ እያንዳንዱ የበር ደወል ድምፅ፣ ተገፍቶ የሚገባው እያንዳንዱ ደረጃና ግድግዳ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም በጽሑፉ ውስጥ ከአንዲት ቃል ወይም ከአንድ የዜማ ምት ጋር ታስሯል። ስቴጅ ማናጀሯ በሄድሴቷ፣ ማለትም ከሠራተኞቹ ጋር በምትነጋገርበት ማዳመጫ፣ መጀመሪያ «ብርሃን አርባ ሰባት፣ ተዘጋጅ» ትላለች፤ ቃሏ ሲደርስ «ሂድ» ትላለች፤ መብራቱም ይሄዳል። በዚያ መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሰው ይህችን የመጨረሻ ትእዛዝ በጨዋታ መካከል እንኳ አያነሳትም፤ ሳይታሰብ የተወረወረች እንደሆነ አዳራሹ ሊጨልም ይችላል።

ከመክፈቻው በፊት ባለው ሳምንት ሁሉም ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ይገጣጠማል። ተዋናዮቹ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ይቆማሉ፣ መብራቱ ይስተካከላል፣ ያንኑ ግማሽ ዐረፍተ ነገር እንደገና ይናገራሉ። ሰዓቱ እየመሸ ይሄዳል፤ ወላጆች ተራ ገብተን እራት እናቀርባለን። የጸደይ ተውኔት የልምምድ ወራት ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥሙ፣ የሐበሻ ልጆቹን አስበን የምስር ሳምቡሳ ይዘን ሄድን፤ ከበሮ መቺውና የመብራት ልጆቹ ቀድመው ስለደረሱበት ለጾመኞቹ የቀረው ጥቂት ነበር። የመድረክ ልብስ ለብሶ ከውኃ በቀር ምንም መቅመስ ክልክል በመሆኑ፣ ተዋናዮቹ በሐር ቀሚስና በከረባት ላይ የአባቶቻቸውን ሰፋፊ ካናቴራ ደርበው ሲበሉ ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። በአንዱ ምሽት መርፌ ቁልፍ ይዤ በመጋረጃው ዳር ቆሜ ሳለ ልጄ በጨለማው ውስጥ ቀርባ በሹክሹክታ «አባዬ፣ ይቅርታ፣ እዚህ መቆም አይቻልም፤ ግድግዳው የሚወጣው በዚህ ነው» አለችኝ። ቤት ውስጥ ሳህን እንድታጥብ ሁለት ጊዜ የምትለመነው ልጅ ናት። መንገዱን ለቀቅሁ፤ ግድግዳውም በተባለው ቦታ በኩል አለፈ።

በመክፈቻው ምሽት ተውኔቱ ከአዘጋጁ እጅ ወጥቶ በስቴጅ ማናጀሩ እጅ ይገባል፤ በሙያው ዓለም የተለመደ ደንብ ነው፤ በእኛ ትምህርት ቤትም እንደዚያው ይሠራበታል። ከፍ ባለ ቦታ የሚሠራውንና በገመድ የሚወርደውንና የሚወጣውን ከባድ ዕቃ የሚቆጣጠር አዋቂ ከጀርባ አይጠፋም፤ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ሰውም አለ። የቀረው በልጆቹ እጅ ነው። እኔ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ባየሁበት ምሽት አዘጋጇ ከኋላ ግድግዳው ሥር ቆመው ነበር፤ ድግሱን ደግሳ ሙሽራዋን አስረክባ ቁጭ ማለት ያቃታትን እናት ይመስሉ ነበር። በሁለተኛው ክፍል መካከል ተሽከርካሪው ደረጃ አንድ ጎማው ተቀርቅሮ ከመጋረጃው ጀርባ መውጣት እንቢ አለ። የባንድ መምህሩ ዓይናቸውን ከትንሿ የምልክት መብራት ሳይነቅሉ ያንኑ አራት ምት ደጋግመው አስመቱ፤ ተዋናይዋ በባዶው መድረክ ላይ ጓንቷን በዝግታ ታወልቅ ጀመር፤ መብራቱም ባለበት ቆየ። አዘጋጇ ከፊታቸው ያለውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር፤ ከቦታቸው ግን አልተነቃነቁም። ደረጃው ተላቅቆ ሲገባ ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች ምንም የተፈጠረ ነገር ያለ አልመሰላቸውም። በኋላ እንደሰማሁት በሄድሴቱ መስመር ላይ የተባለው ነገር ሁሉ «አርባ ሰባት ይቆይ» እና «ማንም አይሩጥ» ብቻ ነው። ወራት የፈጀው የመምህራኑ ድካም፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ አዘጋጇ በዚያች ቅጽበት ሳይነቃነቁ መቆም እንዲችሉ የተደረገ ዝግጅት ነው።

ስለ ድምፅ ክፍሉ ማንም የሚያስበው ሲበላሽ ብቻ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር። በተዋናዩ ጉንጭ ላይ በፕላስተር የተለጠፈችው ማይክሮፎን ወገቡ ላይ ከታሰረ ማሠራጫ ጋር ትገናኛለች፤ የባትሪ ድንጋዩ በየምሽቱ ይቀየራል፤ ማይክሮፎኑ ለሁሉም ስለማይበቃም ሁለት ልጆች ከመጋረጃ ጀርባ እየተቀባበሉ ይጠቀሙበታል። መንግሥት የ600 ሜጋኸርትዝ ሞገድን ለስልክ ኩባንያዎች በጨረታ ከሸጠ በኋላ በዚያ ሞገድ የሚሠሩ ገመድ አልባ ማይክሮፎኖች እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2020 ከአገልግሎት እንዲወጡ በመደረጉ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ምንም ያልተበላሸ ዕቃ ጥለው አዲስ ለመግዛት ተገደዋል። በብሮድዌይም ቢሆን ለዚህ ሙያ የሚሰጠው ክብር የተረጋጋ አይደለም፤ የብሮድዌይ ታላቅ ሽልማት የሆነው የቶኒ አዘጋጆች የድምፅ ንድፍ ዘርፍን እ.ኤ.አ. በ2014 ሰርዘው፣ ከብዙ ሙግት በኋላ ከ2017–18 የቲያትር ወቅት ጀምሮ መልሰውታል። የእኛ የድምፅ ኃላፊ ልጅ ይህን ታሪክ እንደ ራሱ ቤተሰብ በደል አድርጎ ይተርከዋል።

በመጨረሻው ቅዳሜ የባለቤቴ አክስት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ልጅቷን ሲፈልጉ አመሹ። በዕረፍቱ ሰዓት «ልጅቷ የታለች?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከጀርባ እንደሆነች ነገርኋቸው። «አሟት ነው?» አሉ። ሥራዋ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርሁ። «ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ስታመሽ የከረመችው ላለመታየት ነው?» ብለው አዘኑልኝ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ልጆቻችንን ይዘን ውቅያኖስ የተሻገርን ሰዎች ልጃችን በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት እንድትታይልን እንፈልጋለን፤ ካልታየችም ቢያንስ ሐኪም እንድትሆን። ተውኔቱ አልቆ ልጄ በጥቁር ሱሪዋና በጥቁር ሸሚዟ፣ እርሳሷን ጸጉሯ ላይ እንደሰካች ስትመጣ፣ አክስታችን ጉንጯን ስመው «መብራቱን የምታበሪው አንቺ ነሽ አሉ» አሏት። «አላበራም፤ አብሩ እላለሁ እንጂ» ብላ መለሰችላቸው። «እንዲያማ ከሆነ አዛዥ ነሻ!» አሉና ወደ መኪናው እስክንደርስ ድረስ ለአገኙት ሁሉ ይህንኑ ተናገሩ።

ሽልማቱም ቢሆን የአክስታችንን ዓይን የያዘ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የሚታወቀው፣ በቲያትር ቤት ባለቤቱ ጄምስ ኔደርላንደር ስም የተሰየመውና እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የጂሚ ሽልማት ታላላቅ ክብሮቹን የሚሰጠው ለተዋናዮች ነው። በእኛ አካባቢ ግን ካፒስ የሚባል የተለየ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጁዲ ባውንስ የተባሉት የፌርፋክስ የቲያትር ትምህርት ባለሙያና ጸሐፊው ቢል ስትራውስ ያቋቋሙት ሲሆን፣ የአንዱ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሌላውን ተውኔት አይተው ሂስ ይጽፋሉ፣ በዓመቱ መጨረሻም ድምፅ ይሰጣሉ። ድምፅ ከሚሰጥባቸው ዘርፎች ውስጥ መብራት፣ ድምፅ፣ አልባሳት፣ የመድረክ ግንባታና የስቴጅ ማናጀር ሥራ ይገኙበታል። የሚሸለሙት ተማሪዎች በመሆናቸውም አዋቂ የነደፈው መድረክ ከልጆቹ ሥራ ጋር አይወዳደርም። ይህ ደንብ ትክክል ይመስለኛል። አንዳንድ ሀብታም ትምህርት ቤቶች መድረኩን ከኩባንያ ተከራይተው፣ ባለሙያ መብራት ሠሪ ቀጥረው የሚያሳዩት ሥራ ለዓይን ያማረ ነው፤ ልጆቹ ግን በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆኑበታል፤ እንዲህ ያለውን ዝግጅት አይቼ ስወጣ የሚታወሰኝ የኪራዩ ዋጋ ነው።

ለመምህራኑም ቶኒ ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለአንድ የቲያትር መምህር በየዓመቱ የሚሰጠው ክብር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተቀበሉት ሜሎዲ ሄርዝፌልድ በፍሎሪዳ የማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ ትምህርት ቤት የድራማ መምህርት ነበሩ። በዚያ ዓመት የካቲት ወር ታጣቂ ትምህርት ቤቱን ባጠቃበት ቀን ለሕፃናት ያዘጋጁትን ሙዚቃዊ ተውኔት ከተማሪዎቻቸው ጋር እየተለማመዱ ነበር፤ 65 ተማሪዎችን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰብስበው አተረፏቸው። ለልምምድ ሲባል በየከሰዓቱ ልጆቻችንን የምናስረክባቸው ሰዎች ምን ዓይነት አደራ እንደሚቀበሉ ሲታሰብ፣ ቀደም ሲል ያነሳሁት አበል ይበልጥ ያሳፍራል።

የመጨረሻው ጭብጨባ ሳይበርድ ማፍረስ ይጀመራል። ተዋናዮቹ ገጽ ቅባቸውን ሳያጥቡ ካቻቪቴ ይሰጣቸዋል፤ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ የተጫወተውም ልጅ ከግድግዳው ላይ ብሎን እየነቀለ በየመጠኑ በባልዲ ይለያል። ኮምፔንሳቶው ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል፤ የተሰነጠቀው ይጣላል። እኛም ልብሱን ወደሚታጠብ፣ ወደሚጠገንና ለባለቤቱ ወደሚመለስ እንከፍላለን። የሙዚቃ መጻሕፍቱ የኪራይ ስለሆኑ ወደ ድርጅቱ ከመመለሳቸው በፊት ሙዚቀኞቹ በእርሳስ የጻፉት ምልክት ሁሉ በላጲስ መጥፋት አለበት፤ የቫዮሊን ተጫዋቾቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ያንን ሲያደርጉ ልጄ ከምትተካት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ጋር የደረጃውን ጎማዎች ገልብጣ ታያለች። አዘጋጇ በአንድ እጃቸው የቆሻሻ ከረጢት ይዘው መጡና፣ ለመጪው ዓመት ያሰቡት ተውኔት ሁለት ፎቅ ያለው ቤት እንደሚጠይቅ፣ ያንን የሚሸከም ጎማ መግዛት ይቻል እንደሆነ ሁለቱን ጠየቋቸው። አሥረኛ ክፍሏ ልጅ መጀመሪያ ክብደቱን ካልነገሩኝ አልመልስም አለች።